የእትዬ ዙሪያሽ ሳቅ በትልቁ እንዲታተም

ተረት ተረት። «የላም በረት» እንዳትሉኝ፤ በዚህ ተረት ውስጥ ላም የለችም። ያለችው ስልክ ናት። ስለዚህ «የስልክ ቀፎ» በሉኝና እንቀጥል። ቤት አይመታም? ይሁን፤ እኔም ግጥም ልገጥም አልመጣሁም።

ዝናብ ሲመጣ ጭቃ፣ ዝናብ ሲሄድ አቧራ በምትሆን አንዲት የወሎ ከተማ ውስጥ ትርንጎ የምትባል ሴት ነበረች። ሥራዋ አውቶቡስ ተራ ትኬት መቁረጥ ነው፤ ፍቅሯ ግን ፎቶ ማንሳት ነው። ማንም አላስተማራትም፣ ማንም አልቀጠራትም። ስልኳን ታወጣና ያየችውን ታነሳለች፦ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ የተጫነ ፍየል፣ አፉን ከፍቶ የተኛ ተሳፋሪ፣ የሙሽራ ጫማ፣ ገመድ ላይ የተሰጣ የጎረቤት ልብስ። ስልኳ በፎቶ ጢም ብሏል። ወረቀት ላይ የወጣ ግን አንድም የለም። ትርንጎ ሌላም ጠባይ አላት፤ አንዴ ከያዘች አትለቅም። «መዥገር» የሚሏት አሉ። ስትሰማ ትስቃለች እንጂ አትለቅም።

ጎረቤቷ እትዬ ዙሪያሽ ናቸው። ክረምቱ ሲገባ አንድ ቀን ጠሯት።

«ትርንጎዬ፣ ያኔ በግንቦት፣ ሰርጉ ላይ ስስቅ አንስተሽኝ አልነበር?»

«አንስቻለሁ እትዬ፤ ይኸው።»

እትዬ ዙሪያሽ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፣ አራቁት፣ መልሰው አስጠጉት።

«ጉንዳን ነው የሚታየኝ። ዓይኔን ሞራ እየሸፈነው ነው ልጄ። ከዚያ ቀን ወዲህ ደግሞ ከልቤ ስቄ አላውቅም። እንዴት እስቅ እንደነበር፣ ዓይኔ ሳይከደን አንዴ ልየው። በትልቁ አሳትሚልኝ።»

ለምን መሳቅ እንደተዉ ትርንጎ አልጠየቀችም። ምን አይተው እንደሳቁም እኔ አሁን አልነግራችሁም፤ ተረት ገና ሳይጀመር ካለቀ ተረተኛ ምን ይሠራል? «አሳትማለሁ» አለች ትርንጎ። ፍላጎቷ ይህችው ናት፤ አንዲት ወረቀት።

ወደ ኑርዬ ፎቶ ቤት ሄደች። በዚያች ከተማ ደግሞ አንድ ልማድ አለ። ትንሿ ፎቶ ለመታወቂያ ናት፤ መካከለኛዋ ለሰርግ ናት፤ ትልቁ፣ ፍሬም የሚገባው፣ ለለቅሶ ነው። ሰው በቁሙ ሳለ በትልቁ አይታተምም። ሲሞት ይታተማል፣ ጥቁር ሪባን ይታሰርበታል፣ ድንኳን ውስጥ ይቆማል፣ ደረት ይመታበታል።

«በትልቁ ነው የምፈልገው» አለች ትርንጎ ስልኳን ዘርግታ።

ኑርዬ ፎቶውን አየና እጁን ራሱ ላይ ጫነ። «ወይኔ እትዬ ዙሪያሽ! መቼ አረፉ?»

«ኧረ አላረፉም! ምሳ እየበሉ ነው የተውኳቸው።»

«ታዲያ ትልቅ ፎቶ ምን ያደርግላቸዋል?»

«ያዩታል።»

ኑርዬ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ አያውቅም። በሩ ላይ ቆመው የነበሩ መንገደኞች ግን እዚህ ድረስ አልጠበቁም። «ወይኔ እትዬ ዙሪያሽ» ሲል እንደሰሙ ከንፈራቸውን መጠው ሄደዋል። ወሬ ደግሞ ጭቃ አይዘውም።

«ይሁን፣ ላትምልሽ ደስ ባለኝ» አለ ኑርዬ። «ግን አላትምም። ከቆጣሪው የሚመጣውን ገመዴን ነፋስ በጥሶብኛል። ገመድ ካልተቀጠለ ማሽን አይሠራም። ወንድይፍራውን አምጪልኝ።»

«አመጣዋለሁ» አለች ትርንጎ።

ወንድይፍራው ኤሌክትሪሺያን ነው። ሻይ ቤት በረንዳ ላይ አንድ እግሩን በጫማ፣ አንድ እግሩን በካልሲ አድርጎ ተቀምጧል። ሲያያት ብድግ አለ።

«እትዬ ዙሪያሽን ነፍስ ይማር።»

«አልሞቱም! በቁማቸው ፎቷቸውን ሊያዩ ነው። ወንድይፍራው፣ ገመዱን ቀጥል። ገመድ ካልተቀጠለ ፎቶ አይታተምም፤ ፎቶ ካልታተመ እትዬ ዙሪያሽ ሳቃቸውን አያዩም።»

«አልሞቱም? ተመስገን» አለና ተመልሶ ተቀመጠ። «ግን አልቀጥልም። ይኸው ጫማዬ፤ የጎማ ሶሉ አፉን ከፍቷል። በዚህ ጭቃ፣ በእርጥብ እግር ገመድ የሚነካ ሰው ሚስት የሌለው ነው፤ እኔ አለችኝ። ጋሽ ደርቤ ይስፉልኝና እመጣለሁ።»

«ስጠኝ» አለች፤ ጫማውን ነጥቃ ሄደች።

ጋሽ ደርቤ የከተማው ጫማ ሰፊ ናቸው። ከባንኩ ግድግዳ ሥር፣ በተቀደደ ጃንጥላ ተጠልለው ወስፌያቸውን ይስላሉ።

«ምስኪን ዙሪያሽ» አሉ ገና ከሩቅ። «ትናንት እንኳ በዚህ ስታልፍ አይቻት ነበር። ሰው ከንቱ!»

«ነገም ያዩዋቸዋል ጋሽ ደርቤ፤ ደኅና ናቸው። ይልቅ ይህን ጫማ ይስፉልኝ። ጫማ ካልተሰፋ ገመድ አይቀጠልም፤ ገመድ ካልተቀጠለ ፎቶ አይታተምም፤ ፎቶ ካልታተመ እትዬ ዙሪያሽ ሳቃቸውን አያዩም።»

ጋሽ ደርቤ ጫማውን አገላብጠው አዩት። «ስፌቱ ቀላል ነበር። ግን አልሰፋም። ክር ጨርሻለሁ። ጠንካራው ክር ያለው ዘሐራ ሱቅ ነው፤ ሱቋ ግን ተዘግቷል።»

«አስከፍታቸዋለሁ» አለች ትርንጎ።

ሰልችታችኋል መሰለኝ? የምትሄደው እሷ፣ የምናገረው እኔ፣ የምትሰለቹት እናንተ! ጫማውን ብብቷ ሥር አድርጋ፣ ስልኳን በነጠላዋ ጠቅልላ፣ በጭቃው ላይ እየዘለለች ገበያው ዳር ደረሰች። የእትዬ ዘሐራን ሱቅ በር በቡጢ ደበደበች።

እትዬ ዘሐራ በሩን ገርበብ አድርገው ብቅ አሉ። ዓይናቸው ቀልቷል። «አላህ ይዘንላት። ለቅሶው ስንት ሰዓት ነው?»

«ለቅሶ የለም! እትዬ ዙሪያሽ አሉ። እትዬ ዘሐራ፣ እባክዎ የጫማ ክር ይሽጡልኝ። ክር ከሌለ ጫማ አይሰፋም፤ ጫማ ካልተሰፋ ገመድ አይቀጠልም፤ ገመድ ካልተቀጠለ ፎቶ አይታተምም፤ ፎቶ ካልታተመ እትዬ ዙሪያሽ ሳቃቸውን አያዩም።»

«አለች? ወላሂ በይ! አንቺ፣ እኔ እኮ ቡናውን ላስቆላ ነበር!» አሉና ደረታቸውን ያዙ። ከዚያ በጣታቸው ወደ ላይ አሳዩዋት። «ግን አልሸጥልሽም። ያ የተረገመ ነፋስ ቆርቆሮዬን ገልጦታል። ዕቃው ሁሉ ከላስቲክ ሥር ተከምሯል። ላስቲኩን ከገለጥኩት ክሩም መርፌውም ጨርቁም ይበሰብሳል። ሚስማር አለኝ፣ መዶሻ አለኝ፣ ባል አለኝ፤ የሌለኝ መሰላል ነው። ይህን ጣሪያ የሚደርሰው የአያ ሙሄ መሰላል ብቻ ነው። ልኬባቸው ነበር። ከግንቦት ወዲህ ለማንም አልሰጥም ብለዋል።»

«ለኔ ይሰጡኛል» አለች ትርንጎ።

«እምቢ ቢሉሽስ?»

«ይሰጡኛል አልኩ እኮ።»

አያ ሙሄ ማን ናቸው? የእትዬ ዙሪያሽ የአጥር ጎረቤት ናቸው። በሁለቱ ግቢ መካከል ሰው የምታሳልፍ ቀዳዳ ነበረች፤ ጨው በዚያ ይሄዳል፣ ወሬ በዚያ ይመጣል፣ በበዓል ቀን ሳህን በዚያ ይመላለሳል። በግንቦት ግን አያ ሙሄ ቀዳዳዋን በእሾህ ዘጓት። ከዚያ ወዲህ ሰላምታም የለም።

ትርንጎ ስትደርስ አያ ሙሄ ጋቢያቸውን ተከናንበው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። እንባቸው ጢማቸው ላይ ይወርዳል። መሰላሉ፣ ያ ለማንም የማይሰጠው መሰላል፣ ከግቢ ወጥቶ መንገዱ ዳር ተጋድሟል።

«መጣሽ ልጄ? ውሰጅው፤ ለድንኳኑ ይሆናል» አሏት። «ዙሪያሽን! ዕድሜ ልካችንን በአንድ አጥር ኖረን፣ ሳልታረቃት! ያንን እሾህ ያጠረች እጄ ትሰበር!»

እዚህ ላይ ትርንጎ አፏን ዘግታ መሰላሉን ብታነሳ ነገሩ አልቆ ነበር። እኔ ብሆን አነሳ ነበር፤ አልዋሻችሁም። እሷ ግን በቁሙ ላለ ሰው ሲለቀስ ዝም ብላ ማየት አልሆነላትም።

«አያ ሙሄ፣ እትዬ ዙሪያሽ አልሞቱም።»

«ምን አልሽ?»

«አልሞቱም። ቤታቸው ቁጭ ብለው ፎቷቸውን እየጠበቁ ነው።»

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ አያ ሙሄ፣ ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው። በጋቢያቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠረጉ። ተነሱ። መሰላሉን አነሱና ወደ ግቢ ይመልሱት ጀመር።

«ኧረ የት ይዘውት ይሄዳሉ?»

«ካለችማ አልሰጥም!»

ትርንጎ የመሰላሉን ሌላ ጫፍ ለቀም አደረገች። አያ ሙሄ ወደ ግቢ ሳቡ፤ ትርንጎ ወደ መንገድ ሳበች። እየሳበችም ተናገረች፤ «አያ ሙሄ፣ ይስጡኝ! መሰላል ከሌለ ጣሪያ አይመታም፤ ጣሪያ ካልተመታ ክር አይሸጥም፤ ክር ካልተሸጠ ጫማ አይሰፋም፤ ጫማ ካልተሰፋ ገመድ አይቀጠልም፤ ገመድ ካልተቀጠለ ፎቶ አይታተምም፤ ፎቶ ካልታተመ እትዬ ዙሪያሽ ዓይናቸው ሳይከደን ሳቃቸውን አያዩም!»

«ሳቋን? የትኛውን ሳቋን?» አያ ሙሄ መሳብ አቆሙ፤ አልለቀቁም ግን። «የግንቦቱን ሳቅ ነው? ያንን ነው በትልቁ የምታሳትሚው?»

ይኸው፣ ኋላ እነግራችኋለሁ ያልኩት ነገር መጣ። በዚያ ሰርግ ቀን አያ ሙሄ ነጭ ሽርጣቸውን አገልድመው፣ በዚሁ መሰላል ላይ ወጥተው፣ ዳሱ ላይ ፊኛ ያስሩ ነበር። እግራቸው አዳለጣቸው። ወረዱ። የወረዱት ደግሞ ለሠርገኛ በተዘጋጀ የቀይ ሥር ሳፋ ውስጥ ነው፤ ቁጭ አሉበት። ሲነሱ የነጩ ሽርጥ ኋላ ቀይ ሆኗል። ዳሱ በሳቅ ተናጋ። ከሁሉ በላይ የሳቁት እትዬ ዙሪያሽ ነበሩ፤ ነጠላቸው ከራሳቸው እስኪወድቅ፣ ደረታቸውን ይዘው ሳቁ። ትርንጎም ያኔ ነው ያነሳቻቸው።

«ሳቀችብኝ!» አሉ አያ ሙሄ። «ሰው ሁሉ ይሳቅ፤ እሷ ግን ጎረቤቴ ናት!»

«ለሞቱት ሊሰጡ አውጥተውት የነበረውን ላሉት ለምን ይነፍጋሉ?»

«የሞተ ሰው አይስቅብኝማ!»

ትርንጎ መሰላሉን በአንድ እጇ እንደያዘች በሌላው ስልኳን አወጣች። «አያ ሙሄ፣ ሰው ሲለምን ‹በሞቴ› ይላል። እኔ ግን በእትዬ ዙሪያሽ ቁም ነው የምለምንዎት። እሳቸው መሳቅ ትተዋል። አንዴ ብቻ ይዩት። ካዩት በኋላ እምቢ ካሉ መሰላሉን እለቃለሁ።» ትርንጎ እለቃለሁ ስትል የሰማ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም።

አያ ሙሄ አንገታቸውን አዘነበሉ። ትርንጎ በሁለት ጣቷ ፎቶውን አሰፋችው። የእትዬ ዙሪያሽ ፊት መጣ፤ ዓይናቸው ጠፍቷል፣ ጥቂቱ ጥርሳቸው በሙሉ ወጥቷል። አያ ሙሄ ፊታቸውን አጠቆሩ። ትርንጎ ከጎን ምን እንዳለ ልታሳያቸው ፎቶውን ወደ ዳር ሳበችው፤ ሳበችውና ራሷም ደነገጠች። ዳር ላይ ቀይ ሽርጥ ታየ። ከሽርጡ በላይ ነጭ ጢም፤ ከጢሙ መሀል ወለል ብሎ የተከፈተ አፍ።

«ይኼ ደግሞ ማነው?» አሉ አያ ሙሄ።

«እርስዎ ነዎት።»

«እኔ?»

«ሽርጡን አላወቁትም?»

አያ ሙሄ ስልኩን ተቀብለው ብዙ አዩት።

«እኔም ስቄ ነበር ለካ» አሉ ቀስ ብለው። «አዎ፤ ስቄ ነበር። የተቀየምኩት ቤት ገብቼ፣ ሽርጤን ሳጥብ፣ ብቻዬን ሳስበው ነው።» ስልኩን መለሱላት። «እሷ ለምንድን ነው መሳቅ የተወችው አልሽኝ?»

«አልነገሩኝም። ግን ከግንቦት ወዲህ ነው፤ አጥሩ ከታጠረ ወዲህ።»

አያ ሙሄ መሰላሉን ለቀቁት። ትርንጎ ሳታስበው ስለነበር መሰላሉን እንዳቀፈች ጭቃው ላይ ቁጭ አለች። አያ ሙሄ አንስተው አቆሟት። «እኔስ ቀይ ሥር ላይ ነበር» አሏት።

ከዚህ በኋላማ ማን ይያዛት! አያ ሙሄ መሰላሉን ሰጡ። መሰላሉ ከሱቁ ግድግዳ ተደገፈ። የእትዬ ዘሐራ ባል ወጥቶ ጣሪያውን መታ። ጣሪያው ቢመታ ላስቲኩ ተገለጠ፤ ላስቲኩ ቢገለጥ ክሩ ተገኘ። ክሩ ቢገኝ ጋሽ ደርቤ ጫማውን ሰፉ፤ ጫማው ቢሰፋ ወንድይፍራው ሻዩን ሳይጨርስ ተነሳ። ወንድይፍራው ገመዱን ቀጠለ፤ ገመዱ ቢቀጠል መብራቱ ቦግ አለ፤ መብራቱ ቦግ ቢል የኑርዬ ማሽን አጉረመረመ።

ኑርዬ ፎቶውን ኮምፒውተሩ ላይ ከፈተው። «የማይረባ ሰውዬ ዳር ላይ ገብቶብሻል» አለ። «ልቁረጠው? ያለ እሱ ያምራል።»

«እንዳትነካው!» ትርንጎ የጮኸችው ጩኸት ገበያው ድረስ ተሰማ። «ያንን ሰውዬ ከቆረጥክ እኔም ጣትህን ነው የምቆርጠው።»

ኑርዬ ሳይቆርጥ አተመው። ትርንጎ ፎቶዋን ለመጀመሪያ ጊዜ ወረቀት ላይ ስታየው በጣቷ ዳበሰችው፤ ይህን የምታክል ነገር ስልኳ ውስጥ ተጨብጣ መኖሯን አላወቀችም ነበር። ኑርዬ ፍሬም አስገባው፤ ፍሬሙን ወለወለ፤ ከመሳቢያው ጥቁር ሪባን አወጣና ጥጉ ላይ አሰረ።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ውይ! እጄ ለምዶ ነው» አለና በጥርሱ ፈታው።

ትርንጎ ፎቶውን በነጠላዋ ሸፍና ስትሄድ ኑርዬ ሱቁን ዘግቶ ተከተላት። ወንድይፍራው በተሰፋው ጫማው ተከተለ። ጋሽ ደርቤ ወስፌያቸውን እንደያዙ፣ እትዬ ዘሐራ ባላቸውን እየጎተቱ ተከተሉ። በቁሙ ያለ ሰው በትልቁ ታትሞ አይተው ስለማያውቁ ይህ እንዲያመልጣቸው አልፈለጉም። ሰልፉን ያየ መንገደኛ ለቅሶ መስሎት ነጠላውን አዘቀዘቀ።

እትዬ ዙሪያሽ ሰውን ሁሉ ሲያዩ ደነገጡ። «ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም እትዬ» አለች ትርንጎ። «ይኸው ሳቅዎ።»

ፎቶውን ይዘው ወደ ደጃፉ ብርሃን ወጡ። ከአፍንጫቸው አስጠግተው፣ ከላይ ጀምረው፣ በጣታቸው እየተከተሉ አዩት።

«ይቺ አሮጊት ጥርሷን የት ጣለችው?» አሉ። ግን አልሳቁም። «ክፉ ሳቅ ነው እንዴ ትርንጎ? እውነቱን ንገሪኝ። ሰው የሚያቆስል ሳቅ ነው?»

ለካ ፎቶውን የፈለጉት ለዚህ ኖሯል። ትርንጎ መልስ ልትሰጥ አፏን ስትከፍት የእትዬ ዙሪያሽ ጣት ዳር ደረሰ፤ እዚያም ቆመ።

«ይኼ ቀዩ ነገር ምንድን ነው?»

«ቀይ ሥር ነው!» አለ ድምፅ ከአጥሩ ወዲያ።

ሁሉም ዞረ። አያ ሙሄ አጥሩ ሥር አጎንብሰው፣ እጃቸው እየደማ፣ እሾሁን ከቀዳዳዋ ይነቅላሉ። የመጨረሻዋን ነቅለው ወረወሩና ራሳቸውን በቀዳዳዋ አሾለኩ። «ከላዩ ያለውን ደግሞ እይው፤ ጥርስ የለውም አይደል? ካንቺ የባሰ ነው።»

እትዬ ዙሪያሽ ፎቶውን አዩ። አያ ሙሄን አዩ። ፎቶውን አዩ። ከዚያ ነጠላቸው ከራሳቸው ወደቀ፣ እጃቸው ደረታቸው ላይ ሄደ፣ ሳቁ። አያ ሙሄም ቀዳዳዋ ውስጥ እንደተሰነቀሩ ሳቁ። ትርንጎ ስልኳን አወጣች። በዚህኛው ፎቶ ማንም ዳር ላይ አልቀረም።

ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያች ከተማ ትልቅ ፎቶ ለማሳተም ወደ ኑርዬ የሚሄድ ሰው «ማን ሞተ?» ተብሎ አይጠየቅም። ኑርዬ ስልኩን ይቀበልና «ማን ሳቀ?» ይላል።

ተረቴን መልሱ። አፌን በዳቦ ማበሱ ይቅርባችሁ፤ ፎቶዬን በትልቁ አትሙልኝ፣ በቁሜ ሳለሁ።